የነፋሱ ቀዳዳ

ለኢንስፔክተር ባርናባስ የተደወለለት ቁርሱን ብቻውን ሲበላ ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ደባርቅ ውስጥ ያልበላበት ሆቴል የለም፤ አንዱም ቤት አልሆነለትም።

«አንዲት ሴት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሞታ ተገኝታለች፤ ገዳዩንም ይዘነዋል» አለ ተረኛው ፖሊስ።

«ታዲያ እኔን ለምን ፈለጋችሁኝ?»

«እናትየዋ ‹የገደልኋት እኔ ነኝ› ብለው አስቸገሩን፣ ጌታዬ።»

ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነው። ሟቿ የትናየት ደባርቅ ተወልዳ አዲስ አበባ ላይ ስሟ የተጠራ ዲዛይነር ነበረች። ይህን ቤት ለእናቷ ነድፋ ብታሠራ ማድቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ተሸለሙ። ባርናባስ በማድቤቱ ሲያልፍ ምድጃውን ነካ አደረገው፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ ገና አልተላጠም። በመስኮቱ ከጓሮ ጭስ የጠገበች የቆርቆሮ ጎጆ ትታያለች። እናትየዋ፣ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ወጣቸውን የሚሠሩት እዚያች ውስጥ ነው።

የሞቱን ምክንያት ሐኪሙ ነግሮታል። በሩና መስኮቱ በተዘጋበት የጋዙ ውሃ ማሞቂያ እየነደደ የክፍሉን አየር መርዞታል፤ አየር እንዲያስገባ በግድግዳው የተተወው ቀዳዳ ተወትፎ ነበርና። ባርናባስ ተንበርክኮ አየው። ቀዳዳው ከወለሉ ጉልበት ያህል ከፍ ይላል፤ የወተፈው ግራጫ የብርድ ልብስ ቁራጭ ነው። ቀና ሲል ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ሌላ ጨርቅ አየ፤ አበባ ያለበት፣ በወጉ የታጠፈ። አንስቶ ኪሱ ከተተው።

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ሳሎኑ ጥግ ኩርምት ብለዋል።

«ምን ሆነ፣ እናቴ?»

«ይህ ቤት የነፋስ መንገድ ነው፣ ልጄ። ገላዋን ስትታጠብ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ቀዳዳውን ወተፍሁት። ዘወትርም እወትፈዋለሁ። ትናንት ወትፌ ለሠርክ ጸሎት ወጣሁ። ስመለስ በሩ ተቆልፏል፤ ብጠራት ዝም። በገዛ እጄ!»

«እርስዎ እዚያ ሲታጠቡ ምንም ሆነው አያውቁም?»

«እኔማ ከጎጆዬ ውሃ አሙቄ በሳፋ ነው የምታጠበው። ያንን ሁሉ ቁልፍ ማን ይነካካዋል?»

ባርናባስ ኪሱ ያለውን ጨርቅ አውጥቶ ሊያሳያቸው ፈለገ፤ ግን ሳያረጋግጥ ተስፋ መስጠት ግፍ መሰለው።

ቀጥሎ ቃለ አብን አነጋገረ። ቃለ አብ የሟቿ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሽልማቱን የወሰዱት በሁለቱም ስም ነበር። ከአዲስ አበባም አብረው መጡ።

«ዛሬ ዳኞች ቤቱን ሊያዩ ይመጡ ነበር፤ ለትልቁ ሽልማት» አለ። «የትናየት ደስታዋን አልቻለችውም ነበር። እናቷ ቀዳዳውን በቀሚስ እንደሚወትፉ ትናንት ምሳ ላይ ነግራኝ ስንስቅ ዋልን። ማን ያውቃል እንዲህ እንደሚሆን?»

ፖሊሶቹ ያሰሩት የቧንቧ ሠራተኛውን ዋሴን ነው፤ ትናንት ጠዋት ሟቿ ስትቆጣው ተሰምቷል።

«ተቆጣችኝ፣ አልዋሽም» አለ ዋሴ። «እሷ ግን ተቆጥታ ሳትጨርስ ትስቃለች። ይልቅ ቃለ አብን ጠይቁት። ‹እናቴ የማታበስልበት ማድቤት ምኑ ማድቤት ነው? ነገ ለዳኞቹ ነግሬ ሽልማቱን እመልሳለሁ› ስትለው ሰምቻለሁ።»

«ፖሊሶቹ ከቤቱ ጀርባ ያዩት መሰላልስ?»

«የእኔ ነው፤ ከባሕር ዛፍ ራሴ የሠራሁት። እዚያው አስተኝቼው ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።»

ባርናባስ ወደ ጀርባ ዞረ። መሬቱ ስለሚያዘቀዝቅ፣ ከውስጥ ጉልበት ላይ የነበረው ቀዳዳ ከውጭ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ግራጫው ጨርቅ ጭራው ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ጭቃው ላይ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። ወደ መሰላሉ ሄዶ ጫፎቹን እያገላበጠ አየ፤ ከዚያ ሁሉንም ማድቤት እንዲሰበስቧቸው አዘዘ።

እሳት ነድዶበት በማያውቀው ምድጃ ዙሪያ ቆሙ። ባርናባስ አበባ ያለበትን ጨርቅ ዘረጋ።

«እናቴ፣ ይህ የማን ነው?»

«የአሮጌ ቀሚሴ ቅዳጅ ነው። የወተፍሁበት።»

«ያገኘሁት ቀዳዳው ውስጥ አይደለም። ሳሙናው አጠገብ ታጥፎ ነው። የትናየት ቀዳዳውን ለምን እንደተወችው ታውቃለችና ሳትታጠብ በፊት አወጣችው። ልጅዎን እርስዎ አልገደሏትም።»

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«በነፋስ የሚሰጋ ሰው የሚወትፈው ከውስጥ ነው» ሲል ቀጠለ። «ግራጫው ጨርቅ ግን ከውጭ ተገፍቶ ነው የገባው። ያን ያደረገው ሰው መግባት አልቻለም፤ እሷ በሩን ቆልፋ እየታጠበች ነበር።»

«መሰላል ያለው ዋሴ ነው!» አለ ቃለ አብ።

«ነው። የባሕር ዛፍ መሰላል የሚቆመው በወፍራም ጫፉ ነው። ሠርቶት ሲወጣበት የኖረ ሰው ዘቅዝቆ አያቆመውም። ጭቃው ያለው ግን በቀጭኑ ጫፍ ላይ ነው። እናታችን መሰላል አያነሱም፤ ዋሴ አይሳሳትም። ማን ቀረ? የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፣ ቃለ አብ። ሰው ሁሉ ‹እናቷ ናት› እንደሚል ተማምነህ ነበር። ካሜራህን የምትጠቀልልበት ግራጫ ብርድ ልብስ መኪናህ ውስጥ ነው፤ ፖሊሶቹ አሁን ሲያዩት አንድ ጥጉ ተቀዷል።»

ቃለ አብ ምድጃውን ተደገፈ። «ሽልማቱ የእኔም ነበር» አለ። «አንዲት አሮጊት አላበስልበትም ስላለች ስሜን ልትጥለው!»

«ለእኔም ነግራኝ ነበር» አሉ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ በቀስታ። «‹አፍርሼ አንቺ እንደምትወጂው እሠራልሻለሁ› ብላኝ ነበር።»

ቃለ አብን ወሰዱት፤ ዋሴም ተፈታ። ባርናባስ መሄድ ነበረበት፤ እግሩ ግን እምቢ አለው። አሮጊቷ ታጥፎ የተገኘውን ጨርቅ አንዴ እንዲይዙት ለምነው፣ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«አልጣለችውም» አሉ። «አጥፋ አስቀመጠችልኝ።»

ፖሊሶቹ ግራጫውን ጨርቅ ስላወጡት ነፋሱ በቀዳዳው ገብቶ በመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ማድቤቱ ይነፍሳል። ባርናባስም ያገሩ ሰው ነውና ነፋስ አይወድም፤ በሩን ሊዘጋ ራመድ አለ።

«ተወው፣ ልጄ» አሉት። «ይግባ። እሷ ይግባ ብላ ነው ያወጣችው።»

የኮቱን አንገት ከፍ አድርጎ አጠገባቸው ተቀመጠ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሁለቱም በሩን ለመዝጋት አልተነሡም።