አሜን ያልተባለለት ምርቃት

ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ምላሴ አልቆመም። ከአረካ ወጣ ባለው ሰፈራችን ግትር ሰው ለማሳመን ሦስት ሽማግሌ ይላካል፤ እኔ ግን ብቻዬን እበቃለሁ። አባቴን፣ ያውም አባባ ባዳቾ የሚባሉትን ግትር፣ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ልንገራችሁና ተማሩበት።

አባባ መሬታቸውን ለአራቱ ወንድሞቼ አካፍለዋል። ለመጨረሻው ለቶማ የደረሰው ጥቂት እንሰት የቆመበት ቁራጭ ነው። በራፉ ላይ ቆሞ ቢያስነጥስ የሚረጥበው የጎረቤት ጎደሬ ነው። ቶማና ሚስቱ ሔርሜላ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። አባባ ደግሞ ከቶማ ቤት ወንድ ካላየሁ ይላሉ።

ዘንድሮ ጊፋታ ላይ፣ አዲሱን ዓመታችንን ልንቀበል አባባ ቤት ተሰብስበን፣ ሥጋው ተበልቶ ምርቃት ደረሰ። አባባ ተነሥተው፣ «ሔርሜላ ለከርሞ ጊፋታ ወንድ ልጅ ታቅፋ ትምጣ» አሉ። ቤቱ አሜን አለ። ሔርሜላ ትንሿን ልጇን አጥብቃ ይዛ አንገቷን ደፋች። እኛ ዘንድ የአባት ምርቃት እንደ ትእዛዝ ነው፤ ከነገ ጀምሮ አክስቶቼ ሆዷን እያዩ ሊጠይቋት ነው።

እኔ ዝም አልልም። ሕዝቡ እየበዛ መሬቱ ግን ያው መሆኑን፣ ሔርሜላም ለሀገሯ ስትል በሁለት ማቆም ግዴታዋ እንደሆነ፣ ከሬዲዮ የሰማሁትን ሁሉ አወረድኩት። አባባ፣ «ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በሁለት ብናቆም ኖሮ ይቺ ምላስ ከየት ትመጣ ነበር?» ብለው አሳቁብኝ።

ያኔ ከብት ሲጠፋበት እንኳ የማይናገረው ቶማ፣ «አባባ፣ ይህንን አሜን አልልም» አለ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ስጦታ መሆኑን አምናለሁ። ግን እርስዎ ለእኔ ያካፈሉኝን እኔ ለማን ላካፍል? ሁለቱን አስተምሬ ላድርስ። ስምዎን እነሱም ያስጠሩታል።»

አባባ በበሩ አሻግረው የቶማን እንሰት ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን እንደገና ዘርግተው፣ «እንግዲያው ያሉትን ያሳድግላችሁ» አሉ። ከሁሉ ቀድሞ አሜን ያለው ቶማ ነው።

በአባቴም በወንድሜም ኮራሁ፤ በራሴ ግን ይበልጥ። ኋላ ሳህን ስናጥብ ሔርሜላን፣ «አየሽ፣ አተረፍኩሽ አይደል?» አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«አባባ ለዘራቸው ውለጂ አሉኝ፤ አንቺ ለሀገር ስትዪ አትውለጂ አልሽኝ። አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ቶማ ብቻ ነው።»