አንድ ጣት ያህል ክፍተት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው እንዳልሆንኩ በመጀመሪያ ያዝልኝ፣ ጋራዥ ውስጥ የጂን ወሬ ሲነሳ «የሰሌዳ ኮዱ ስንት ነው፣ የቤት ነው የንግድ?» እያልኩ የማሾፈው እኔ ነኝ፣ እናቴን ጠበል ሳደርሳት እንኳ እኔ ውጭ ሻይ እየጠጣሁ ነው የምጠብቃት፣ ስለዚህ ይህን ስነግርህ ራሴም እያፈርኩ ነው፣ ግን ሆኗል፣ ምን ላድርግ።

ሥራዬ የመኪና ቦዲ ነው። ሾላ ገበያ ጀርባ ባለች ጋራዥ ውስጥ ዝገት የበላውን ቆርጬ አዲስ ላሜራ እበይዳለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ሁለት ነበርን፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ኪሮስ። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ኪሮስ ግራኝ ነው፣ ይህን አትርሳብኝ፣ በያጅ ሲበይድ ብረቱ ላይ ትናንሽ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ምልክት ትቶ ነው የሚያልፈው፣ የእኛ የሁላችንም ቅርፊት ወደ አንድ ወገን ሲተኛ የእሱ ብቻ ወደ ተቃራኒው ነው የሚተኛው፣ አንድ ጊዜ ካየኸው ከሺህ ብየዳ መካከል ትለየዋለህ። ደግሞ አንድ ልማድ ነበረችው። የመኪና ወለል ሲቀይር መጨረሻ ላይ አንድ ጣት የምታስገባ ክፍተት ይተዋል፣ ከዚያ ባለቤቱን ይጠራና «ጣትዎን ያስገቡ፣ ስቱኮ ካገኙ ሥራው በነፃ ነው» ይላል፣ ሰውየው የላሜራውን ውፍረት ዳስሶ ሲስቅ ዓይኑ እያየ ይዘጋዋል። ባለቤቱ ሳይመጣ ያቺን ቀዳዳ ዘግቶ አያውቅም።

እኔ እንደሱ አልነበርኩም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ ብረቱን መቀየር ሲገባኝ ዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፌ፣ ከሥር ሬንጅ ቀብቼ የምሸኝ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ኪሮስ የለጠፍኩትን ስቱኮ ደንበኛው ፊት በመዶሻ አራገፈው፣ «የሰው ሕይወት ነው የምትለጥፈው» አለኝ፣ አፈርኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። በማግስቱ ለአክስታችን የቤት ጣሪያ ሊሠራላት አዲግራት ለሦስት ሳምንት ሊሄድ ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ፣ ሰላም ልበልህ ሲለኝ፣ ፊቴን ሳላዞር «እዚያው ቅር!» አልኩት። እንግዲህ ይህን ቃል ነው ይዤ የምኖረው። እሱ በሄደ በሳምንቱ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የስልክ መስመሩ ጠፋ፣ መስመሩ ሲመለስ ደግሞ ኪሮስ የለም። አንዱ የጤና ጣቢያ በር ሲበይድ አየሁት ይላል፣ ሌላው ከዚያ ቀድሞ ወደ ገጠር ወጥቷል ይላል፣ ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም።

እናቴ ገርጂ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አራት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ነቅታ ትቀመጣለች፣ መርዶ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነዋ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ «ዛሬም አልመጡም» ብላ ቁርስ ትሠራለች።

ባለፈው ሐምሌ እትዬ አስካለ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ክሬም ቀለም ያላት አሮጌ ቮልሳቸውን ይዘው መጡ። ከስምንት ዓመት በፊት የቀኙን ወለል የቀየረላቸው ኪሮስ ነበር፣ «ግራውም ሲበላ ለእኔው ያምጡልኝ» ብሏቸው ነበር። የጎማ ምንጣፉን ገልጠው አሳዩኝ፣ ፔዳሉ ሥር መሬቱ ይታያል።

«መገናኛ ጋ የቆመ ውሃ ውስጥ ገብቼ እግሬን አጠበኝ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ!» አሉና ዙሪያውን አዩ። «ኪሮስስ የለም?»

«አገር ቤት ሄዷል።»

«መቼ ይመጣል?»

«ይመጣል» አልኩ፣ ቤታችን ውስጥ የምንለው እሱኑ ነው።

መኪናዋን አንስቼ ሥሯ ስገባ የኪሮስ ብየዳ ቀኙ ላይ ነበር፣ ስምንት ክረምት አልፎበት አንድ ቦታ አልዛገም፣ ቅርፊቱ ወደዚያኛው ወገን እንደተኛ ነው። አለቀስኩ። ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ የግራይንደር ብናኝ ነው አልኳቸው።

ሐሙስ ዕለት አጎቴ ጋራዥ ድረስ መጣ። «አራት ዓመት አለፈው» አለኝ፣ «ያልተለቀሰለት ሰው አያርፍም፣ እናትህም አታርፍም፣ እሁድ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተን እናረዳታለን፣ አንተ በሩን ክፈትልን።»

«ማን አየው ብለን?»

«ማንም። አሁን የቤቱ ትልቅ ወንድ አንተ ነህ፣ እሺ በል።»

እሺ አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ አዲሱን ላሜራ በልኩ ቆርጬ ቦታው ላይ በብየዳ ነጥብ ነጥብ አድርጌ ያዝኩት፣ ሙሉ መስመሩን ልጀምር ስል ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዝናቡም ወረደ። የጋራዡ ልጆች ሻይ ሊጠጡ ወጡ፣ የብየዳ ገመዱን ጠቅልዬ ሚስማር ላይ ሰቀልኩና በሩ ጋ ካለችው የዘበኛ ቤት ከጋሽ በላቸው ጋር ተቀመጥኩ። ልብ በል፣ መግቢያው አንድ ነው፣ እሱም በእኛ በኩል ነው። የጋዝ ብየዳ ነው እንዳትለኝ፣ ጋዛችን ካለቀ ሦስት ቀኑ ነበር።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየወረደ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም፣ እንደገና ጠቅ ጠቅ። ብየዳ ላይ የሚደርቀው ጥቀርሻ በመዶሻ ሲራገፍ የሚሰማው ድምፅ ነው፣ እንዲህ ሁለት ሁለት እየመታ የሚያራግፈው ደግሞ ኪሮስ ነበር። ቆርቆሮ ነው ብዬ ተውኩት። ጋሽ በላቸው ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉና፣ እመነኝ፣ እኔ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ፣ «ኪሮስ መጣ እንዴ? መቼ ገባ?» አሉ።

ቀጥሎ ያ የብየዳ ኤሌክትሮድ ጭስስ የሚል ድምፅ መጣ፣ ሽታውም መጣ፣ ከቮልሷ ሥር ያለው እርጥብ ሲሚንቶ ሰማያዊ አበራ፣ ጠፋ፣ አበራ። ጋሽ በላቸው አምፖሉን ቀና ብለው አዩ፣ አልበራም፣ አማተቡ። እኔ መነሳት አቃተኝ፣ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፣ አምስት ደቂቃም ይሁን ግማሽ ሰዓት፣ ብቻ ብርሃኑ ሲቆም «ኪሮስ!» ብዬ ጮኼ ሮጥኩ።

ማንም የለም። ገመዱ ሚስማሩ ላይ ነው፣ ማሽኑ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ካርቶን ላይ ተጋድሜ ሥሯ ገባሁና የስልኬን ባትሪ አበራሁ፣ ነጥቦቼ ሁሉ ተያይዘዋል፣ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ተበይዷል፣ ቅርፊቱ ወደዚያኛው ወገን ተኝቷል። በሹፌሩ ተረከዝ በኩል ደግሞ አንድ ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀርታለች። ጣቴን ሰደድኩ፣ ብረቱ ገና ትኩስ ነበር፣ ጠባሳው ይኸው አለ።

ጋሽ በላቸው ከዚያ ወዲህ ስጠይቃቸው «ዝናብ ነው ልጄ፣ ተወው» ይሉኛል፣ ዓይኔን ግን አያዩኝም።

ቅዳሜ ለአጎቴ ደውዬ እንዳትመጡ አልኩት። አበድክ እንዴ አለኝ፣ ዘጋብኝ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ብነሳ እናቴ ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ሊመጡ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። «አጎትህ ሰሞኑን ዓይኔን ማየት አቅቶታል።»

እግሯ ሥር ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፣ ድምፁን፣ ብርሃኑን፣ ቅርፊቱን፣ የተቃጠለውን ጣቴን አሳየኋት። ጣቴን በእጇ ይዛ ቁስሉን ዳሰሰች።

«ሲሄድ ተቆጥቶ ነበር?» አለችኝ። ይህን ጠይቃኝ አታውቅም።

«እኔ ነኝ የተቆጣሁት፣ እማ። እዚያው ቅር ብዬዋለሁ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደበችኝም። «ታዲያ ሥራህን ለምን ያግዝሃል?» አለች፣ እኔን ይሁን ራሷን የምትጠይቀው አላወቅሁም፣ መልሱንም እስከዛሬ አላገኘሁትም። የሞተ ሰው ነው እንዲህ የሚመጣው ወይስ ያለ ሰው? ሞቶ ከሆነ ወንድሜን ሳይለቀስለት ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ካለ ደግሞ የት ሆኖ ነው? እናቴ ተነሥታ ቁርስ ሠራች፣ «ዛሬም አልመጡም» ግን አላለችም።

ሰኞ እትዬ አስካለ መጡ። ክፍተቷን ሲያዩ ሳልነግራቸው ጣታቸውን አስገቡና ሳቁ፣ «እንደ ድሮው! በል እንግዲህ ዓይኔ እያየ ዝጋልኝ» አሉኝ። መብራት ነበር፣ ኤሌክትሮዱን ያዝኩ፣ መነጽሩን አወረድኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። የምትዘጋው ቀዳዳ ብቻ አልመሰለችኝም። ላስቲክ ወትፌ ሰደድኳቸው፣ ከዚያ ወዲህ ስቱኮ ነክቼ አላውቅም፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ሬዲዮኑን ዘግቼ ጆሮዬን እሰጣለሁ።

ትናንት ዝናቡ ሲበረታ እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ውሃ እየገባ ነው እኮ» አሉኝ።

«ትንሽ ይታገሱኝ እትዬ፣ የጀመረው ሰው መጥቶ ይዘጋዋል» አልኳቸው።

አዋላጅ ናቸውና ሰው ሲጠብቅ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። «እሺ» አሉኝ፣ «እስኪመጣ ድረስ ቦቲ ጫማ አድርጌ እነዳለሁ።»