አምስተኛዋ እጩ አልመለሰችም

ኤርጎጌ ከሬሳው አጠገብ ስትንበረከክ መጀመሪያ ያየችው ደሙን ሳይሆን መነጽሩን ነበር። ሟቹ አምላኩ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ባለው የደረጃ ማረፊያ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። የማንበቢያ መነጽሩ በአንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከማጅራቱ ሥር የፈሰሰው ደም ሰፊ ነው፤ ዳር ዳሩ መርጋት ጀምሯል።

«መብራት ሲጠፋ አዳልጦት ነው» አለ ቲቶ፣ በስልኩ እያበራላት። «የመዝጊያውን ቁልፍ ከቢሮ ላመጣ ስወጣ እግሬ ነካው፣ እትዬ። ወዲያው ነው ወደ እርስዎ የሮጥኩት።»

«ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«ማንም አልነካውም።»

ከውጭ የሕዝብ ጩኸት ይሰማል። የውጭ አገር ሰው ይውጣልን የሚል ሰልፍ ከጠዋት ጀምሮ የደቡብ አፍሪካዋን የጀፕስታውን ሰፈር መንገድ ሞልቶታል። ሱቆች የብረት መዝጊያቸውን አውርደዋል፤ የዚህ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ በርም በሰንሰለት ተቆልፏል። ፖሊስ በስልክ የሰጣት መልስ አጭር ነበር፤ መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ እስከዚያ ማንም አይውጣ፣ ምንም አይነካ። መውጣት ቢፈልጉስ በየት በኩል?

ኤርጎጌ በሕንጻው ምድር ቤት ብርድ ልብስ ትሸጣለች፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሴት ልጇ ጋር በአንዲት ክፍል ትኖራለች። ወደዚህ አገር ከመምጣቷ በፊት ግን ሆሳዕና ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። ቲቶም ሬሳውን ሲያይ ወደ እሷ የሮጠው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ሟቹ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው «ጣሪያችን» የተባለው የተከራዮች ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ማኅበሩ የሐበሻ ብቻ አይደለም። ከጀፕስታውን እስከ ትሮይቪል ያሉ ደቡብ አፍሪካውያን ተከራዮችም አባል ናቸው፤ በአካባቢው ምርጫ ድምፅ የሚሰጡትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ማኅበሩ ለማን ድጋፍ እንደሚሰጥ የወረዳው እጩዎች ሁሉ በጉጉት ይጠብቃሉ። ለአምስቱም አንድ ዓይነት መጠይቅ ተልኳል። መልሱ ስም ተሸፍኖ ነጥብ ይሰጠዋል፤ በቀኑ ያልመለሰ ይሰረዛል። ውሳኔው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሊነገር ነበር።

ኤርጎጌ የሟቹን ጫማ አየች። ተረከዙ በስተኋላ ነጭ ሆኗል። ቀና ብላ አራተኛውን ፎቅ ተመለከተች፤ ከስብሰባው ክፍል እስከ ደረጃው ድረስ ግድግዳ ሲለሰን የረገፈ የኖራ ብናኝ መሬቱን ሸፍኖታል። ከዚያ የደረት ኪሱን ፈተሸች። በማኅደር ውስጥ ሁለተኛ መነጽር አለ፤ ለመንገድ የሚያደርገው። እዚያው ማኅደሩ ውስጥ ከመነጽሩ ሥር ደግሞ በአራት የታጠፈ ፎቶ ኮፒ አገኘች። አንብባ ስትጨርስ መልሳ አጠፈችውና ጉያዋ ከተተችው።

«ቲቶ፣ ሕንጻው ውስጥ ያሉት የኮሚቴ አባላት እነማን ናቸው?»

«ጋሽ ብዙነህ፣ ኤልሳቤት፣ እኔ።»

«ከአንተ እንጀምር። ድጋፉ ለማን እንዲሆን ነበር የምትፈልገው?»

ቲቶ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለው፤ በኮሚቴው የባለ ስፓዛዎቹ ተወካይ ነው። «ለማሴኮ» አለ ሳይደብቅ። «የሱቅ ምዝገባችንን አስጨርሳለሁ ብሏል። አምላኩ ግን የእኔን ነጥብ ‹አድልዎ አለበት› ብሎ መለሰብኝ። ተጣልተናል፤ አልዋሽም።»

«አምስተኛዋ እጩስ?»

«ኖምቩላ? በቆሎ የምትሸጠው? አልመለሰችም ተባለ።»

ኤልሳቤት ከጣሪያው ወርዳ አራተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። በሕግ ቢሮ አስተርጓሚ ናት። የሹራቧ እጅጌ በኖራ ነጥቷል።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለቻት ኤርጎጌ።

«ግድግዳ እየዳበስኩ ነው የሄድኩት፤ ጨለማ ነበር።»

«ትናንት በአምላኩ ላይ ስትጮሂ ታች ድረስ ተሰምቷል።»

«ጮኼአለሁ። እኔ ለማንም ድጋፍ አንስጥ ባይ ነኝ፣ እትዬ። ነጥቡን የምንሰጠው እኛው፣ ከእጩዎቹ ሞገስ የምንፈልገውም እኛው። ይሄ ዳኝነት ነው?» ስልኳን አወጣች። «የጠዋቱ የኮሚቴ ስብሰባ እንዳለቀ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሰልፉን እየቀረጽኩ ነበር። ይመልከቱት።»

ኤርጎጌ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየችው። ስልኩን መለሰችላት።

ሊቀ መንበሩ ጋሽ ብዙነህ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ረጋ ያለ። ሕንጻው ውስጥ ያሉ ሰዎች ችግር ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእሱን በር ነው።

«ኤርጎጌ እህቴ፣ ምን ዓይነት ቀን ነው የመጣብን!»

«ነፍስ ይማር፣ ጋሽ ብዙነህ። የት ነበሩ?»

«እዚሁ። መብራት ጠፋ፣ ጨለማ ውስጥ ስልክ እያወራሁ ተቀመጥኩ።»

«የመልስ ሳጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?»

«በአራታችንም።»

«ኖምቩላ ለምን ተሰረዘች?»

«መልስ አልላከችማ! ደንብ ደንብ ነው» አለና እጁን አወራጨ። «ደግሞስ ማኅበሩ ይህን ሁሉ ዘመን ለፍቶ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ለምትሞነጫጭር የበቆሎ ነጋዴ ነው ስሙን የሚሰጠው?»

ኤርጎጌ አመስግናው ወጣች። ደረጃው ላይ ብቻዋን ቆማ ከፎቶ ኮፒው ግርጌ ያለውን ቁጥር ደወለች።

«ሳውቦና ማማ» አለች በአገሬው ሰላምታ። «ለ‹ጣሪያችን› መጠይቅ መልስ ሰጥተሽ ነበር?»

«ሰጥቻለሁ!» አለች ኖምቩላ። «ዋናውን ሳጥናችሁ ውስጥ ከተትኩ፤ ኮፒውን አስቀረሁ። አልመለስሽም ስባል ኮፒውን ትናንት ለአምላኩ ሰጠሁት።»

«ዋናውን በምን ቀለም ነበር የጻፍሽው?»

«በአረንጓዴ። የልጄ እስክሪብቶ ነው፤ ሌላ አልነበረኝም። ለማንም ሳላሳየው ነው የከተትኩት። ምነው፣ ያስጥላል እንዴ?»

ኤርጎጌ ሦስቱንም ወደ ስብሰባው ክፍል ጠራቻቸው። የፀሐይ ብርሃን በመስኮቱ ይገባል። ታች ጩኸቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ድንጋይ ብረቱን ሲመታ ሁሉም ብድግ ይሉና መልሰው ይቀመጣሉ።

«አምላኩ ደረጃው ላይ አልወደቀም» አለች። «የማንበቢያ መነጽሩን አድርጓል፤ በዚያ መነጽር እግሩን እንኳ አያይም። ለመንገድ የሚያደርገው ኪሱ ውስጥ ነው። በጨለማ ደረጃ ላይ ደግሞ ማንም አያነብም። ሲመታ ብርሃን ያለበት ቦታ እያነበበ ነበር። ፎቁ ላይ መስኮት ያለው ደግሞ ይሄ ክፍል ብቻ ነው።»

ወደ ጥግ ሄዳ የብረት ቁም ሳጥኑን ማዕዘን አሳየቻቸው። ቸኩሎ የተጠረገ ነው፤ ከመታጠፊያው ሥር ግን ቡናማ መስመር ቀርቷል።

«ከዚህ በብብቱ ይዘው ጎትተውታል። ተረከዙ የኮሪደሩን ኖራ ይዞ ሄዷል።»

ቲቶ አቋረጣት። «እኔ ነኝ ያገኘሁት እንጂ…»

«አንተ አይደለህም። ስብሰባው እንዳለቀ ወርደህ ከእኔ ጋር መዝጊያውን ስትደግፍ ነበር። ተለይተኸኝ አምስት ደቂቃ ሳይሞላህ ተመለስክ፤ ደሙ ግን ቀድሞ መርጋት ጀምሯል። ኤልሳቤትም አይደለችም፤ ቪዲዮዋ ከስብሰባው ማብቂያ ጀምሮ አንዴም አይቋረጥም።»

ፎቶ ኮፒውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይህ የአምስተኛዋ እጩ መልስ ነው። በቀኑ ደርሷል፤ ከሳጥኑ አንድ ሰው ሰርቆታል። ቀለሙ ምንድን ነው፣ ኤልሳቤት?»

«ጥቁር።»

«ኮፒ ስለሆነ ነው። ዋናው አረንጓዴ ነበር። ይህን የሚያውቁት የጻፈችው ሴትና ከሳጥኑ ያወጣው ሰው ብቻ ናቸው። ጋሽ ብዙነህ፣ ‹አልላከችም› ባሉኝ አፍ ‹በአረንጓዴ እስክሪብቶ› አሉኝ። በየት አይተውት ነው?»

ብዙነህ መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ለመካድ አልሞከረም።

«ማሴኮ ባለፈው ወር አስጠራኝ» አለ። «ይህን ወረዳ እሱ ነው የሚያሸንፈው፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድጋፋችሁን ለሌላ ብትሰጡ ሕንጻችሁ ለኑሮ አደገኛ ነው አስብዬ አስለቅቃለሁ አለኝ። ስልሳ አባወራ ነው፣ ኤርጎጌ! የሴትዮዋን መልስ አነበብኩት፤ ከሁሉም ትበልጣለች። ነጥብ ቢሰጣት አንደኛ ትወጣ ነበር። ለዚያ ነው የቀደድኩት።»

«አምላኩስ?»

«ቀርቼ አነጋገርኩት። ‹ኮፒው አለኝ፤ ስድስት ሰዓት ላይ አነበዋለሁ› አለ። ለመንኩት። የነጥቡን ወረቀት እያገላበጠ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ‹ካላዳላን ነው ሰው የሚያምነን› አለኝ። ያለ አድልዎ ሆነን የት እንደር አልኩት። ገፋሁት፤ መግፋት ብቻ… ወደቀ። ኪሱን ፈተሽኩ፣ ኮፒውን አጣሁት። ሞቷል ብዬ ነው የጎተትኩት።»

«አልሞተም ነበር» አለች ኤርጎጌ። «የሞተ ሰው እንደዚያ አይደማም። ደረጃው ላይ ሲያስተኙት ልቡ ይመታ ነበር። ቢጣሩ እኔ ታች ነበርኩ።»

ብዙነህ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ቀና ሲል ድምፁ ተለውጧል። «ኤርጎጌ፣ አዳልጦት ነው በይ። አራት ሰው ነን፤ ማንም አይጠይቅም። አንቺም ልጅሽም እዚህ ነው የምታድሩት። ወዴት ትሄዳላችሁ?»

ኤርጎጌ ቲቶን አየችው። ቲቶ ዓይኑን ሰበረ። «እትዬ» አለ በዝግታ፣ «እውነቱ አሁን ለአምላኩ ምን ያደርግለታል?»

ፔፐሯ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊታደስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ልጇን ትምህርት ቤት ያስገባችው በዚህ ሕንጻ አድራሻ ነው። በመስኮቱ ስታይ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው፤ ውስጥ ደግሞ እነዚህ ሦስት ፊቶች። በዕድሜዋ እንዲህ የጠበበ ክፍል ውስጥ ገብታ አታውቅም።

«የአምላኩ ሚስት እዚሁ ከተማ ቤሪያ ሰፈር ናት» አለች በመጨረሻ። «ጨለማ ገደለው ልበላት? አልችልም፣ ጋሽ ብዙነህ። ዛሬ ለቤቴ ብዬ ዝም ካልኩ፣ ነገም ማሴኮ በዚሁ ቤት ዝም ያሰኘኛል።»

ኤልሳቤት ተነሣች። ጠረጴዛው ላይ የተዘጋጀውን የድጋፍ መግለጫ ለሁለት ቀደደችው። «ድጋፍ የለም» አለች። «የአምስቱንም መልስ በሩ ላይ እንለጥፋለን። መራጩ ራሱ ያንብብ።» ቲቶ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ከመሳቢያው ማጣበቂያ አውጥቶ ሰጣት።

ፖሊሶቹ ካሉት ሰዓት ዘግይተው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረሱ። ብዙነህን ይዘውት ሲወርዱ በየፎቁ በሮች ተከፈቱ። ሰዎች በችግራቸው መጠጊያ ያደረጉትን ሰው እጁ ታስሮ ሲያልፍ ተመለከቱት። አንዲት ሴት ወደ ኤርጎጌ ዞራ «ምን አድርገሽ ነው?» አለቻት። ኤርጎጌ አልፋት ወረደች።

የፖሊስ መርማሪው ቃሏን መዝግቦ ሲጨርስ እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠየቃት።

«አድራሻሽ?»

የሕንጻውን ቁጥር ነገረችው።

«ፍርድ ቤት እስክትጠሪ ድረስ እዚሁ ትገኛለሽ?»

«ምርጫው እስኪደርስ ድረስ» አለች ኤርጎጌ። «ማሴኮ ካሸነፈ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቅም።»