ፊሽካው ሲነፋ

«ቋ» አለ በጆሮዋ ውስጥ፤ ከዚያ ጸጥታ።

ፈሂማ ሽቦዎቹን አቀያየረችና ማዳመጫውን እንደገና ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። አሁን ምንም አልተሰማም። ገለበጠቻቸው፤ «ቋ»። ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጠው የመስታወት ዕቃ ኤሌክትሪኩን በአንድ በኩል ታሳልፋለች፣ በሌላው በኩል ትከለክላለች። እውነተኛ ዳዮድ ነበረች።

«አመንሽ?» አለ ሻጩ። ሾላ ገበያ፣ የሽንኩርት ተራው ጫፍ ላይ፣ አሮጌ ቁልፎችና የዛጉ ማጠፊያዎች የተዘረጉበት ጆንያ ፊት ተቀምጧል። ዳዮዶቹን ግን ጆንያው ላይ አያወጣም፤ የደረት ኪሱ ውስጥ ባለ የክብሪት ቀፎ ነው የሚያኖራቸው። «እኔ ቢተው እንደ ሌላው ነጋዴ አይደለሁም። ሞክረሽ፣ በጆሮሽ ሰምተሽ ነው የምትወስጂው።»

«አመንኩ ጋሼ።»

ሙከራውን የተማረችው ከትምህርት ቤቷ የሬዲዮ ክበብ ነው፤ ባትሪ፣ ማዳመጫና ሁለት ሽቦ ይበቃል። ፈሂማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወንድሟ አብዱልገኒ ባለፈው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ጀምሮ ያልጨረሰው ሬዲዮ ያለበት አንድ የሳሙና ሣጥን ትቶላት ነበር። በውስጡ በጥንቃቄ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ፣ የጣቢያ መፈለጊያው፣ የመሬት ሽቦና አንቴና የሚታሰሩባቸው ብሎኖች አሉ። «ስመለስ እጨርሰዋለሁ» ብሏት ነበር የሄደው። እርሷ ግን ሲመለስ ሬዲዮው እየተናገረ እንዲቀበለው ወሰነች። የጎደለው ዳዮዱ ብቻ ነው። በሱቅ የለም፤ ከውጭ የሚያስመጣም የለም፤ የክበቡ አባላት በሙሉ ይህችኑ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር እየፈለጉ ነው።

ሰውየውን ያገኘላት ነህምያ ነው። በክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ይጋራሉ። «የኔን የገዛሁት ከእሱ ነው» ብሏት ነበር። «ድምፁ እንደ ውሃ ጠርቶ ይመጣል። ገንዘብ ከሌለሽ ዕቃም ይቀበላል።» ዛሬም እስከ ገበያው አብሯት መጥቶ፣ ሰውየው ሁለት ሰው አንድ ላይ አይወድም ብሎ ቅቤ ተራው ዘንድ ቆሞ ቀርቷል።

ፈሂማ ብዕሩን ከቦርሳዋ አወጣች። አብዱልገኒ ከክፍሉ አንደኛ በወጣበት ዓመት የተሸለመው፣ ጫፉ ወርቅማ የሆነ የቀለም ብዕር ነው። ሲሄድ «ያንቺ ነው» ብሎ በእጇ አስጨብጧታል። ሻጩ ክዳኑን ከፈተ፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ዳዮዱን በቁራጭ ጋዜጣ ጠቀለለና መዳፏ ላይ አኖረላት።

በዚያው ቅጽበት ፊሽካ ተነፋ።

«ጉድ ፈላ! አብዮት ጥበቃ!» አለ ሻጩ በሹክሹክታ። «ደብቂው! ኮንትሮባንድ ነው፤ ከያዙሽ ቤተሰብሽ ሁሉ ይጠየቃል። ሩጪ የኔ እህት፣ ሩጪ!»

በሽንኩርት ጆንያዎቹ መካከል ካኪ የለበሰ፣ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ሰው ፊሽካውን በአፉ እንደያዘ ይመጣል።  የፈሂማ አባት ጋሽ ሙነወር የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ አብዱልገኒ ከሄደ ወዲህ ደጋግመው የሚያሳስቧት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የቀበሌ ደጅ የሚያስረግጠኝ ነገር እንዳታመጪብኝ።» ጥቅሉን በቡጢዋ ጨብጣ አንድ እርምጃ ሮጠች።

ሁለተኛውን ግን አልተራመደችም። ነህምያ በትምህርት ቤቱ ግቢ ደረቱን ነፍቶ ያወራው ጉራ ትዝ አላት፦ «ዕቃዋን ገና እንደተቀበልኩ አንድ ባለካኪ ፊሽካውን ሲነፋው! እንደ ድመት ሾልኬ ላሽ አልኩ!» ያን ጊዜ ሁሉም ስቀው ነበር። ዛሬም ፊሽካው የተነፋው ዕቃዋን ገና እንደተቀበለች ነው።

ዞራ ጆንያውን አየች። አንዲት ቁልፍ እንኳ ከቦታዋ አልተነሣችም። ኮንትሮባንዱ የሰውየው ሆኖ ሳለ፣ ሩጪ የተባለችው እርሷ ብቻ ናት።

«አንቺ!» አለ ባለካኪው ደርሶ። «ምንድን ነው የያዝሽው?»

«እኔም አላውቅም» አለች ፈሂማ። ቡጢዋን ዘረጋች። «አሁን ከፍቼ አያለሁ።»

«አትክፈቺው!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ከፈተችው። በጋዜጣው ውስጥ በመዳብ ሽቦ ላይ የተሰካች አንዲት ነጭ ዶቃ ነበረች።

 ሻጩ ዘሎ ተነሣ። «ቀየረችው! ዓይኔ እያየ ቀየረችው! ይቺ ሌባ!»

«ስንት ጊዜ ትቀየራለች ይቺ ነገር?» አሉ ከሽንኩርት ቁልላቸው ጀርባ ወይዘሮ ዘርፌ፤ ተራው ላይ የቆዩ ነጋዴ ናቸው። «ደግሞ ዛሬም ጀመራችሁ?»

«አንቺ ሽንኩርትሽን ሽጪ!» አለ ባለካኪው። ወደ ፈሂማ ዞረና ድምፁን አወፈረ። «በኮንትሮባንድ ንግድ ትጠየቂያለሽ። ቀበሌ ነው የምንሄደው።»

 ሰውየው እውነተኛ ጥበቃ ቢሆንስ? አባቷ ከመንገድ ገብተው፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ፣ በቀበሌው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ታያት። ዝም ብላ ብትሄድ ማንም አይከተላትም፤ ይህን አሁን እርግጠኛ ናት። ብዕሩ ግን እዚያ ኪስ ውስጥ ይቀራል፤ እርሷም ይህን ፊሽካ በሰማች ቁጥር ስትሮጥ ትኖራለች።

«እንሂድ» አለች።

«ምን?»

«ቀበሌ እንሂድ። ከአስፋልቱ ማዶ ነው። እሳቸውም ይምጡ፤ ጆንያውና የክብሪት ቀፎውም ይምጣ። እኔ ልገዛ መምጣቴን አልክድም። አባቴንም ይጥሯቸው። እርስዎም የየትኛው ቀበሌ ጥበቃ እንደሆኑ እዚያው ይናገራሉ።»

መልስ ሳትጠብቅ ቀድማ መንገድ ጀመረች። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ለመስማት ጆሮዋን አቀናች። የሰማችው የወይዘሮ ዘርፌን ድምፅ ነው፦

«ምነው ጓድ፣ መንገዱ ጠፋህ እንዴ? ላሳይህ?»

የሽንኩርት ተራው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ፈሂማ ስትዞር ባለካኪው ቀዩን ጨርቅ ከክንዱ እየፈታ ወደ ጆንያዎቹ መካከል ይገባ ነበር።

ተመልሳ ሻጩ ፊት መዳፏን ዘረጋች። «ብዕሬን።»

«ውሰጂ! ከአንቺ ጋር ምን ያነታርከኛል?» ብዕሩን ሽንኩርቱ ላይ ወረወረው።

«ዳዮዱስ?»

«የቱ ዳዮድ?» አለና ጆንያውን በአራት ማዕዘኑ ሰብስቦ፣ ቁልፎቹን እያንቃጨለ ሄደ። በዚህ ጊዜ ለመሰብሰብ አልዘገየም።

ወይዘሮ ዘርፌ ብዕሩን አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። ፈሂማ አመሰገነቻቸውና ጥቂት ሄዳ ዞር ብላ ጠየቀቻቸው፤ «ሁልጊዜ ያያሉ፣ አይደል?»

«አያለሁ ልጄ» አሉ እርሳቸው፣ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሡ። «ሁሉም ይሮጣል። የሚሮጥን ሰው ምን ብዬ ልጥራው?»

ነህምያ ቅቤ ተራው ዘንድ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ፊቷን ሲያይ ቀና አለ። «እሺ፣ አገኘሽ?»

ፈሂማ መዳፏን ዘረጋች። ዶቃዋን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

«ያንተዋስ ምን ቀለም ነበረች?»

 አንድ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ከላያቸው አለፈ፤ ነህምያ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ።

«ቀይ» አለ።

«እንደ ውሃ ጠርቶ ይመጣል ብለኸኝ ነበር።»

«ምን ልበል? የአባቴን የእጅ ሰዓት ሰጥቼ ዶቃ ይዤ ገባሁ ልበል? አባቴን አውቶቡስ ውስጥ ሰረቁኝ አልኩት። ክበቡ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ፋራ ሊሉኝ ነው።»

«ታዲያ እኔን ለምን አመጣኸኝ?»

«አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ምናልባት አንቺን አይሸውድሽም ብዬ ነው።» ቆመና ከንፈሩን ነከሰ። «ደግሞ... ብትሸወጂም ብቻዬን አልሆንም ብዬ።»

  ፈሂማ ዶቃዋን ከብዕሩ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ሰፈሯ፣ ወደ ሃያ ሁለት የሚወስደውን መንገድ ያዘች። እርሱም እስከ ቤቷ በር ድረስ ከኋላዋ ተከተላት። 

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ፈሂማና ነህምያ የክበቡ ክፍል ደጃፍ ላይ ደረሱ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የኣባይ ድምፅ ይሰማል፤ ኣባይ የክበቡ ታናሽ አባል ነው፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ።

«የፊታችን ቅዳሜ ሾላ ነኝ! ነህምያ የነገረን ሰውዬ ዘንድ። የአጎቴን ካሜራ ልወስድለት ነው፤ አጎቴ አያውቅም እንጂ!»

አንድ ሰው ሳቀ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ዓለምሰገድ ጸጥታ ሲጠይቁ ተሰማ።

ነህምያ የፈሂማን እጅጌ ያዘ። «ለኣባይ ብቻ ለብቻው እንንገረው» አለ በሹክሹክታ። «መምህሩ ኮንትሮባንድ የሚል ቃል ከሰሙ አባትሽ ጋ ይደርሳል። ደግሞ ይስቁብናል።»

ፈሂማ አሰበችው። አባቷ ዛሬ ማታ ከጅማ መንገድ ይገባሉ። ወሬውን ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእርሷ ቢሰሙት ይሻላል፤ ይህን ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ የተመለሰች ማታ ነበር የወሰነችው። የአብዱልገኒም ሣጥን ገና ድምፅ የለውም፤ ምናልባት ሲመለስም አይኖረው ይሆናል።

«ቀይዋን ይዘሃል?»

 ነህምያ እጁን ወደ ሱሪ ኪሱ ሰደደ፣ እዚያም ጨብጦ ቀረ።

«ይስቃሉ እኮ ፈሂማ።»

«ይሳቁ» አለች ነጯን ዶቃ ከቦርሳዋ አውጥታ፤ በሩንም ገፋችው።