የጭምቱ ርካሽ ኤርብራሽ

ሟቹ በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ጭንቅላቱ አየር ከሚነፋው ሞተር፣ ከኮምፕሬሰሩ የብረት ጠርዝ አጠገብ ነው፤ በቀኝ እጁ ኤርብራሽ የሚሉትን፣ ብዕር የሚያህል የቀለም መርጫ ይዟል። ወዳጆቹ «ጭምቱ» ይሉት ነበር። ትናንሽ የአውሮፕላንና የመርከብ ሞዴሎችን ቀለም በመቀባት የሚደርስበት አልነበረም፤ ይህን ግን አንድም ቀን በአፉ ተናግሮት አያውቅም።

ሳጅኑ ምርመራውን ገና ከበሩ ጨርሶታል። ማሰብ ስለማይሆንለት ማሰር የሚወድ ሰው ነው።

«ከወንበር ወድቆ የሞተ ሊያስመስሉት ሞክረዋል፤ ሐኪሙ ግን ከኋላው በከባድ ነገር ተመትቷል ብሏል» አለ። «ጠዋት ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤቶች ሰምተዋል። ዛሬውኑ አስራታለሁ።»

ለመርማሪዋ ከእሱ ጋር መከራከር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ጎንበስ ብላ በሟቹ እጅ ያለውን ኤርብራሽ አየችው። አዲስና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የቀለም ኩባያው እስካፉ ድረስ በወፍራም የመሠረት ቀለም ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ያልተጨረሰ አውሮፕላን ግን ቀለሙ ደርቋል። ከጎኑ፣ ማጠቢያ ፈሳሽ ባለበት ሳህን ውስጥ፣ የተፈታቱ ትናንሽ ብረቶችና አንድ ቀጭን መርፌ ተነክረዋል።

ሚስትየው ኩሽና ውስጥ ደርቃ ተቀምጣለች። ጭቅጭቁን አልካደችም። የቀለሙ ሽታ ራሷን ስለሚያማት መስኮት ክፈት ብላ ጮኸችበት፤ ከዚያ ገበያ ወጣች፤ ስትመለስ ሬሳውን አገኘች።

«ለመስኮት ብላ ባሏን የምትገድል ማን አለች?» አለች። «አሁን ልጆቼ እናታችሁ አባታችሁን ገደለች እየተባሉ ሊያድጉ ነው።»

«እጁ ላይ ያለው ኤርብራሽ የሱ ነው?»

«የሊቀመንበሩ ስጦታ ነው። ከሳጥኑ አውጥቶት አያውቅም፤ ለጌጥ ነው ይል ነበር። የሚሠራው በዚያች በርካሿ ነው።»

የተባለው ሰው የሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ለቅሶ ለመድረስ መጥቶ ሳሎኑን በሰፊው ይዞታል፤ ሐዘንተኛዋ ኩሽና መቀመጧ አልከነከነውም። ኮቱ ላይ የውድድር ሜዳሊያውን አንጠልጥሏል፤ ለለቅሶ። እንደ እሱ አነጋገር ማኅበሩ ለጀማሪዎች የሚሆን ኤርብራሽ ሊመርጥ ነበር። ጭምቱ ለሁሉም ሥራ የምትሆን ርካሽ ትበቃቸዋለች ሲል፣ ሊቀመንበሩ ውዱ ካልሆነ ብሎ ተከራክሯል።

«ከዚያ በታች ያለው የልጅ መጫወቻ ነው፣ የኔ እህት። ጥሩ እጅ ጥሩ መሣሪያ ይፈልጋል።»

«እንዴት ልትወስኑ ነበር?»

«ቅዳሜ ሁለታችንም አባላት ፊት እየቀባን እናሳያቸውና እነሱ ይምረጡ አለ። እኔም በደስታ ተቀበልኩ።»

መርማሪዋ ከዚያ ዕቃው ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች። ዋጋው የማይጎዳ፣ ለሁሉም የሚሆን ኤርብራሽ ስትጠይቅ ባለሱቁ ወሬው ስለጣመው ወንበር ሳበላት። ቀለም የሚወጣበት ጫፏ መካከለኛ የሆነች፣ አየሩንም ቀለሙንም በአንድ ጣት የምታዢባት ትበቃሻለች አላት። እንዲህ ያለችው ወፍራሙን የመሠረት ቀለም ታስተላልፋለች፣ ቀጭን መስመርም ትሠራለች፤ የውዱ ጫፍ ግን ለረቂቅ ሥራ ስለሆነ ወፍራም ቀለም ወዲያው ይዘጋዋል። ርካሽም ሆነ ውድ ደግሞ፣ ሥራ ባለቀ ቁጥር ፈታትተው ካላጠቡት ለጥራጊ ነው። ወሬው ሲሞቅ ስለ ሊቀመንበሩ ጠየቀችው።

«ውድ ውዱን ሁሉ ገዝቷል» አለ ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማጠቢያ ግን አንድም ቀን ገዝቶ አያውቅም። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።»

ከሰዓት በኋላ፣ አስከሬኑ ከተነሣ ወዲያ፣ ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው፤ ሚስትየውን፣ ባለሱቁን፣ ሊቀመንበሩንና ካቴናውን የሚያቅጨለጭለውን ሳጅን። ሳህኑን አንስታ ሊቀመንበሩ ፊት አስቀመጠችው።

«እርስዎ ባለሙያ ነዎት። እስቲ ይህ ምንድን ነው?»

ሊቀመንበሩ ገልመጥ አደረገው። «የኮምፕሬሰሩ ትርፍ ዕቃ ነዋ።»

ባለሱቁ በሰው እፍረት አንገቱን ደፋ። ሚስትየው ግን ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ኤርብራሽ ነው» አለች መርማሪዋ። «ጭምቱ የዕለቱን ሥራ ጨርሶ፣ ፈታትቶ እያጠበው ነበር። ገዳዩ ሲቀባ የወደቀ ሊያስመስለው ኤርብራሽ ፈለገ። ዐይኑ ሥር ተቀምጦ አላወቀውም። ሳጥን ከፍቶ ውዱን አወጣና፣ በዚያ ጠባብ ጫፍ የማያልፍ ወፍራም ቀለም ሞላበት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ሚስቱ ይህን አትሳሳትም፤ እነዚህን ብረቶች ከሳህኖቿ መሃል ስትለቅም ነው የኖረችው። ባለሱቁም ዐይኑን ጨፍኖ ይገጥማቸዋል። የቀረው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ባለሜዳሊያ ነኝ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ማጠቢያ ሳይገዙ ሜዳሊያ ያገኙት ሌላ ሰው ስለቀባልዎት ነው። ስጦታውም ይህን ያወቀው የጭምቱ አፍ መዝጊያ ነበር። ቅዳሜ አባላት ፊት ቢቆሙ ጉራዎ ሁሉ ሊራቆት ሆነ። የቅዳሜው ይቅር ብለው ሊለምኑት መጡ፤ እምቢ አለ፤ ጀርባውን ሲሰጥዎት መቱት። የመሠረት ቀለሙ ጠርሙስ ክዳን ላይ የጣት አሻራ ቀርቷል። ከእርስዎ ጣት ጋር እናስተያየው ወይስ ይበቃዎታል?»

ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ ወደ ሚስትየው መራመድ ጀምሮ ነበር። መሃል ላይ ቆመና ዞረ።

ሊቀመንበሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ተው ብዬው ነበር» አለ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሳቂያ ከምሆን...»

ሚስትየው ጠጋ ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ብትጠይቀው ኖሮ እኮ ያስተምርህ ነበር» አለችው። «ማንንም ቢሆን ማስተማር አይደክመውም ነበር።»

ለጭምቱ አንዲት እንባ ያላወጣው ሰው ያን ጊዜ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ ለራሱ ነበር።