በሀሊማ ክንድ ላይ የታሰረው ሰዓት

ቅናት ነክቶት የማያውቅ ሰው በኑሪ ቢስቅ አልፈርድበትም። የነካው ግን ዝም ብሎ ያዳምጠኝ።

ኑሪ ሆሳዕና ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። ብረት እጁ ላይ ይታዘዝለታል፤ አፉ ግን ለራሱ ጉዳይ ሲሆን ይያዛል። ከአባቱ የወረሳቸው ሁለት ነገሮች ነበሩት፦ በጃንሆይ ጊዜ የተገዛች አረንጓዴ ቬስፓና በየማለዳው በእጅ የምትሞላ አሮጌ ሰዓት።

ዘመኑ ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት፣ አምስት ሰው ሆኖ ለመሰብሰብ የቀበሌ ደብዳቤ የሚጠየቅበት ነው። ቢሆንም የከተማው ሰባት ባለቬስፓዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ኩፖናቸውን አጠራቅመው በዓመት አንድ ቅዳሜ ወዳጃዊ ውድድር ያደርጉ ነበር። ሊቀመንበሩ ጡረተኛው ጋሽ ወልደኪዳን ፍጥነት አይወዱም። በእሳቸው ደንብ እያንዳንዱ ነጂ ጎረቤት ከተማዋ ጃጁራ ደርሶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያስረክባል። የእጅ ሰዓቱንም አውልቆ ይሰጣል፤ እስኪመለስ ሰዓት ያዡ ዘንድ ይቆያል። ሰዓት ሳያይ ነድቶ ለግምቱ የቀረበው ያሸንፋል። የዘገየውም የቀደመውም እኩል ይሸነፋል።

የዚያን ዓመት ሰዓት ያዧ ሀሊማ ነበረች፤ የነጋዴው የአቶ ሀሰን ልጅ፣ የሂሳብ አስተማሪ። ኑሪ ሦስት ዓመት ሙሉ ወዷት ኖሯል። መውደዱንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያስብ ነበር። የእናቷ የስፌት መኪና ጉድ ነበረች፤ በየሁለት ሳምንቱ መዘውሯን የሚያዞረው ቺንጋ ይወልቃል። ይጠሩታል፣ ይሄዳል፣ ይመልሰዋል፣ ሻይ ይቀርብለታል። ሀሊማ ደብተር እያረመች አንዴ ቀና ትላለች። እሱም አንዴ ያያታል። ከዚያ ሻዩን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በዚያ ሳምንት ግን ወሬ ሰማ። ከሰባቱ ባለቬስፓዎች አንዱ፣ የጭነት መኪና ባለቤቱ ልጅ ሱልጣን በሚመጣው ዓርብ ለአቶ ሀሰን ሽማግሌ ሊልክ ነው። ኑሪ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ቅዳሜ ከውድድሩ በኋላ የመጣው ይምጣ፣ እነግራታለሁ ብሎ ቆረጠ።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሰባቱ ቬስፓዎች ተሰለፉ። ሀሊማ ከባሕር ዛፉ ሥር ከአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ሰዓቶች ተደርድረዋል። ሰባተኛው፣ የሱልጣን ትልቅ ነጭ ሰዓት፣ የሀሊማ ክንድ ላይ ታስሯል። ሰፍቷት ወደ ክርኗ ይንሸራተታል፤ እሷም በየጊዜው እየመለሰች ታስተካክለዋለች።

ኑሪ ደሙ ፈላ። የአባቱ ሰዓት ከቀለሙ ጠርሙስ ጎን ተቀምጣለች። የሰዓቷን ዕድል ከራሱ ዕድል ጋር አንድ አደረገው። የሰው ሰዓት ክንዷ ላይ ካሰረች ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ሽማግሌውም ለወጉ ነው የሚሄደው፤ ከተማው ሁሉ ሲያውቅ እሱ ብቻ ነው የቀረው። ይህን ሁሉ ያሰበው ሰባ አምስት ደቂቃ ብሎ ጽፎ ወረቀቱን እስኪያቀብላት ድረስ ነው።

ሀሊማ ወረቀቱን ተቀብላ «መንገዱ ያዳልጣል፤ ቀስ በል» አለችው።

«ለሱልጣን ንገሪው።»

ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

ነጂዎቹ በየአምስት ደቂቃው ይለቀቃሉ። ሱልጣን ሦስተኛ ነው፤ ኑሪ አራተኛ። ኑሪ ከከተማው እንደወጣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። ያ ነጭ ሰዓት ከዓይኑ አልጠፋ አለ። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳይነካ ወረደ፤ ጭቃው ግንባሩ ድረስ ረጨው። ከድልድዩ በላይ ሱልጣንን ደረሰበት። ሱልጣን እጁን አንስቶ ሰላም አለው። ሰላም ማለቱ ራሱ አናደደው፤ ሁሉ የሞላለት ሰው ሰላም ማለት ምን ያቅተዋል ብሎ ሳያየው አለፈ።

ጃጁራ ላይ የማኅበሩ ሰው መድረሱን ለማረጋገጥ ማኅተም የእጁ አንጓ ላይ መታለት፤ ልክ ሰዓቱ ትታሰርበት የነበረው ቦታ ላይ። «ምን ያሯሩጥሃል፣ ደህና አይደለህም?» ብሎ ጠየቀው። ኑሪ ቬስፓውን አዞረ።

ሲመለስ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ጋሽ ወልደኪዳን ወረቀቱን ከፍተው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሰባ አምስት ብሎ በሃምሳ አራት መጣ» ሲሉ የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ከዚህ የባሰ ውጤት በማኅበሩ ታሪክ አልተመዘገበም።

ሱልጣን ከጻፈው ግምት በአንድ ደቂቃ ልዩነት ገብቶ አሸነፈ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ሀሊማ ሰዓቱን ልትፈታ እጇን ሰደደች። ሱልጣን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ተይው፣ እዚያው ይቆይ፣ ያምርብሻል አላት። ሀሊማ ፈታችው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ወደ ሱልጣንም በአንድ ጣቷ ገፋችው። ሱልጣን ፈገግታው ሳይጠፋ አንስቶ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ኑሪ ሰዓቱን ሊወስድ መጣ። ሀሊማ አልሰጠችውም።

«ማን አባረረህ?» አለችው።

ሌላ ቀን ቢሆን ጎማው፣ ካርቡሬተሩ ብሎ ይቀባጥር ነበር። ያን ቀን ግን ደክሞታል፤ ጭቃም ውጦታል።

«ቀናሁ» አለ። «ሰዓቱን ክንድሽ ላይ ሳየው ቀናሁ።»

ሀሊማ ክንዷን አሸት አሸት አደረገች። ከሰዓቶቹ ሁሉ ሴኮንድ የምትቆጥረው ያቺ የሱልጣን ሰዓት ብቻ እንደሆነች ነገረችው። በክንድ እንቅስቃሴ የምትሞላ አውቶማቲክ ናት፣ አርጅታለች፣ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ቀጥ ትላለች። ጠዋት ሁለቴ ስትቆም ጋሽ ወልደኪዳን ራሳቸው እሰሪያት ብለው አዘዟት።

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለችው። «አንተ መቼ ትጠይቃለህ? ያ ቺንጋ በየሁለት ሳምንቱ ለምን እንደሚወልቅስ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች ነው።»

«መኪናዋ ደህና ናት። እኔ ነኝ የማወልቀው።»

ኑሪ ሦስት ዓመት ሙሉ ጤነኛ መኪና ሲጠግን ኖሯል። ሀሊማም ይህን ስትናገር ፊቷ ቀላ፤ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች መሰብሰብ ጀመረች።

አባቷ የሱልጣን ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ነግረዋት፣ አንቺ ምን ትያለሽ ብለው ጠይቀዋት ነበር። እስከ ዓርብ ጊዜ ስጡኝ ብላለች። ከዓርብ ወዲያ የምታዘገይበት ምክንያት የላትም። ይህን ነግራው ስታበቃ ባዶ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለችው።

«ሽማግሌዎችህ መቼ እንደሚደርሱ ጻፍ» አለችው። «ሰዓትህ እስከዚያ እኔ ዘንድ ትቆያለች። ደንቡ ነው።»

ኑሪ ጻፈ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ሐሙስ ካፊያ ይዘንብ ነበር። ጋሽ ወልደኪዳን ከሁለት የመስጊድ ሽማግሌዎች ጋር ወደ አቶ ሀሰን ቤት መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ደንብ ደንብ ነው ብለው የራሳቸውንም የሽማግሌዎቹንም ሰዓት አስወልቀው ነበር። ኑሪ ማዕዘኑ ላይ ቬስፓውን ተደግፎ ቀረ።

በሩን አንኳኩ። አልተከፈተም። እንደገና አንኳኩ። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የሚከፍት ግን የለም። ኑሪ፣ ሱልጣን ቀድሞኛል፣ ሽማግሌዎቹን ዛሬ ልኳቸው ውስጥ ተቀምጠዋል ብሎ አሰበ። ያ ነጭ ሰዓት እንደገና ክንዷ ላይ ታስሮ ታየው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጋሽ ወልደኪዳን ኮሌታቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። አቶ ሀሰን ራሳቸው ወጥተው ግቡ፣ ግቡ፣ ዝናቡ መታችሁ እኮ እያሉ አስገቧቸው። በማግሥቱ የሱልጣን ሽማግሌዎች ሲመጡ ልጅቷ ቃሏን መስጠቷ በክብር ተነገራቸው።

ኑሪ በዚያ በር የደረሰበትን ጭንቀት ከኒካሁ በኋላ ለሀሊማ ነገራት። ምን ሆናችሁ ነው ያን ያህል ያቆያችኋቸው ብሎ ጠየቃት፤ ይህን ጊዜስ ጠየቀ።

«ከበሩ ኋላ ነበርኩ» አለችው፤ የአባቱ ሰዓት ክንዷ ላይ ነበረች። «ለአሥር ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀር ነበር። አባቴ ክፈቺ ይለኛል፣ እኔ ቆይ እለዋለሁ። እንደገና ቀድመህ እንድትሸነፍ አልፈለግሁም።»