እስከ አፉ የሞላ ስኒ

ቦቦ ናስሩሎ የተገደሉት ዳቦ ቆርሰው ካቀረቡ በኋላ ነው። ይህን ግን ማንም ልብ አላለም። ሰው ሁሉ ያየው ሻዩን ነው።

መንደሩ ቦቦ፣ አያት፣ የሚላቸው ሽማግሌ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከኮኩ ዛፍ ሥር ካለው የእንጨት መደብ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ከኋላቸው በመጥረቢያ ጀርባ ተመትተዋል፤ መጥረቢያው እዚያው ሣሩ ላይ ተጥሏል። ፊት ለፊታቸው የማዕድ ጨርቅ ተዘርግቶ የተቆረሰ ዳቦ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያና ሁለት ስኒ ቀርቦበታል። አንዱ ስኒ ባዶ ነው። ሌላው እስከ አፉ ሞልቶ አንድ ጉንጭ እንኳ አልጎደለም። ትራሳቸው ሥር ይቀመጥ የነበረው ከረጢት ግን የለም።

ከረጢቱ ውስጥ የነበረው የሬሳ ገንዘብ ነው።

ሰው ሆላ፣ አክስት፣ የሚላቸው የሳዳፍ አንድ ልጅ፣ ኦዲና፣ ሞስኮ ላይ የሰው ፎቅ ሲለስን ከመወጣጫው ወድቆ ሞተ። በሕይወት ሳለ ደህና መኝታ የነፈገው ከተማ ሲሞት ቦታ ሰጠው፤ የሬሳ ቤት ቦታ። የዚያም ኪራይ በየቀኑ ይቆጠርበታል። መንደሩ ሬሳውን ለማስመጣት አዋጣ። ፍየሉን የሸጠ አለ፤ የጆሮ ጉትቻዋን የሸጠች አለች። አዋጥተው ለቦቦ ናስሩሎ ሰጡ።

የሽማግሌው ሥራ ይኸው ነበር። ሞስኮ ያሉት ልጆች ሩብላቸውን እዚያው ላለ አንድ ሰው ያስረክባሉ፤ ሰውየው ይደውላል፤ ቦቦ እዚህ ለእናቶችና ለሚስቶች በአገሩ ገንዘብ፣ በሶሞኒ ይከፍላሉ። ገንዘቡ ድንበር አይሻገርም፤ የሚሻገረው ቃል ነው። ለሬሳውም ያው ነገር ተገልብጦ ሊሠራ ነበር፦ ቦቦ «ተቀብያለሁ» ብለው ሲደውሉ ልጆቹ እዚያ ይከፍላሉ፣ ኦዲና ይመጣል። ቃል ደግሞ የባንክ ኮሚሽን አይቆረጥበትም። ባለመስታወቶቹን የገንዘብ መላኪያ ቢሮዎች የሚያንገበግባቸውም ይኸው ነው።

መርማሪዋ ሳቭሪኒሶ ከወረዳ የመጣችው በሚኒባስ፣ በድንች ጆንያ መሃል ተጣብቃ ነው። የፖሊስ መኪናው የአለቃዋን ሚስት ገበያ ወስዷል። ከእሷ በኋላ ገብተው ከእሷ በፊት የተሾሙ ወንዶች ሞልተዋል፤ እሷ መፍታቷን አልተወችም፣ እነሱም መሾማቸውን።

«አፓ ሳቭሪ፣ ለምን ደከምሽ? አልቋል እኮ!» አላት የመንደሩ ፖሊስ፣ እንደ ታላቅ እህት ጠርቶ በሩ ላይ ተቀብሏት። «ሆላ ሳዳፍን ይዣታለሁ።»

«በምን?»

«በሻዩ ነዋ! እይው። ያከበርከውን እንግዳ ሲሶ ብቻ ትቀዳለታለህ፤ ሲጨርስ ትደግምለታለህ። ሞልተህ ከሰጠኸው ግን ጠጣና ውልቅ በል ማለትህ ነው። ሽማግሌው የራሱን ጠጥቶ ጨርሷል፤ ለመጣበት ሰው ደግሞ ሞልቶ ቀድቷል። እሷ ትናንት አደባባይ ላይ ሌባ ስትለው ያልሰማ የለም። ታዲያ ማንን ሊያባርር ነው?»

«እውነቱን ነው» አለ ከኋላው የቆመ ባለቆዳ ጃኬት ጎልማሳ፣ ዓይኑ በለቅሶ አብጦ። የሟቹ የእህት ልጅ ፋይዚዲን ነው። ሰባት ዓመት ሞስኮ ተቀምጦ ሩብሉን የሚሰበስብላቸው እሱ ነበር፤ ባለፈው ወር ሥራውን ለኦዲና ጓደኛ አስረክቦ መጣ። «አጎቴ ለኔ አንድ ቀን ሞልቶ ቀድቶልኝ አያውቅም። ጠላቱ ነው የመጣበት።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ወረዳ። የአውሮፕላን ቲኬት ልቆርጥ። እዚህ ምን ሥራ አለ ብለሽ ነው አፓ?»

ሳቭሪ ከመደቡ አጠገብ በርከክ አለች። «ዳቦውን ማን ቆረሰው?»

ፖሊሱ ሳቀባት። «ባለቤቱ ነዋ! እናንተ ወረዳ ላይ እንግዳውን ነው እንዴ የምታስቆርሱት?»

«ለሚያባርሩት ሰው ዳቦ ይቆረሳል?»

ሳቁ ቀረ። የኮፍያውን አቧራ አራገፈ።

ከሞላው ስኒ ሻዩን ደፍታ አገላብጣ አየችው። አሮጌ ነው። በጎኑ የወረደው ስንጥቅ በመዳብ ሽቦ ተሰፍቷል። ከጎረቤት ምድጃ ዳቦ ጋግረው ሲመለሱ ባላቸውን ሞተው ያገኙት ቢቢ ሃይሪ እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ በአላህ ቀስ አድርገሽ ያዢያት። የአባቱ ናት። ካገባሁት ጀምሮ እኔ እንኳ ከንፈሬን አላስነካኋትም። አሁን ማን ይጠጣባታል?»

ሳቭሪ ስኒዋን በመሐረብ ጠቅልላ አስረከበቻቸው።

ሆላ ሳዳፍ የታሰሩት በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት፣ በተሰባበሩ ወንበሮች መሃል ነው። አላለቀሱም። የደረቀ ዓይናቸውን ብድግ አድርገው አዩአት።

«ሰድበዋቸዋል፣ ሆላ?»

«ሰድቤዋለሁ! ከመቃብሩ ቢነሳ ደግሜ እሰድበዋለሁ! የልጄን ላብ ከመቶ አስር ሲቆርጥ ኖሮ ከሬሳውም ሊቆርጥ ነው ብዬ ነዋ!»

«ከመቶ አስር? ማን ነገረዎት?»

«ኦዲናዬ ነዋ፣ በስልክ። ‹እናቴ፣ ሽማግሌው አስር ቁረጡ ብሎ አዟል ይሉናል፣ ምን ይደረግ› አለኝ። ምንም አላደረግን። ድሃ ምን ያደርጋል?»

«ቦቦ ሲሰሙ ምን አሉ?»

«አፉን ከፍቶ ቀረ። ‹ስንት?› አለኝ። ‹አስር!› አልኩት። ቃል ሳይተነፍስ ዞሮ ሄደ። ሌባ ሲነቃበት እንደዚያ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «አንቺ ልጅ፣ እኔን ስቀሉኝ፣ ግድ የለኝም። ግን አሁን ሞስኮ ማን ይደውልልኛል? ልጄ እዚያ በረዶ ላይ ተጋድሞ ማን ‹አምጡት› ይበልልኝ?»

ሳቭሪ ከዚያ ወጥታ ወደ ገበያው ሄደች። ጁራቤክ የሚባለው ሰው ባለመስታወት ቢሮው ውስጥ፣ ከገንዘብ መላኪያ ማሽኑ ጀርባ ተቀምጦ ሱፍ ይፈለፍላል። ደንበኛ የለም። ሽማግሌው ደንበኛ አላስተረፉለትም።

«ደስ አላለኝም ብል ትስቂብኛለሽ፤ ስለዚህ ብሎኛል» አላት። «ግን አልገደልኩትም። ጢሙን እላጨዋለሁ ብያለሁ፤ ራሱን እፈልጣለሁ አላልኩም።»

«ከሰው ስንት ነው የምትቆርጠው?»

«ከመቶ ሰባት። እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው።»

ሳቭሪ በመስታወቱ በኩል ከገበያው ማዶ ያለውን ባለፎቅ ቤቱን አየችው። «ማሽኑ ቆንጆ ቤት ሠርቷል።»

«አፓ፣ ሙግት መጣሽ ወይስ ምርመራ?»

«ምርመራ። ቦቦስ ስንት ነበር የሚወስዱት?»

«አንድ! ከመቶ አንድ!» ሱፉን በተነው። «ከአንድ ጋር ምን ብዬ ልፎካከር? በሞስኮ ልጆች ስም ነው የሚሠራው፣ ጽድቅ ነው የሚፈልገው፣ እኔን ያደኸያል!»

«አስር ነው የሚሉም አሉ።»

«አስር ቢቆርጥማ ጢሙን በሳምኩት! የሰውን ዋጋ ከሚስቱ ይልቅ ጠላቱ ያውቀዋል። አንድ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ሰው ለለቅሶ በሟቹ ግቢ ተሰበሰበ። ሳቭሪ ሆላ ሳዳፍን ከዕቃ ቤቱ አስወጥታ አመጣቻቸው፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉባቸው። ጁራቤክም መጣ፤ አልመጣ ቢል የባሰ ስለሚታማ። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ» አለች ሳቭሪ። «የሚቀዳልን አጥተናል። ጁራቤክ፣ ለሆላ ሳዳፍ ቅዳላቸው።»

ጁራቤክ እያጉረመረመ ማንቆርቆሪያውን አነሳ። ሳዳፍን አይወዳቸውም፤ እጁ ግን ሲሶውን ቀድቶ በራሱ ጊዜ ቆመ።

«ፋይዚዲን፣ አንተ ደግሞ ለቢቢ ሃይሪ።»

ከመጣ ጀምሮ በየቤቱ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይቀዳለታል እንጂ አይቀዳም። ማንቆርቆሪያውን ተቀብሎ እየቀዳ ወደ ሳቭሪ ዞረ።

«አፓ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ገዳይዋን ከጎናችን አስቀምጠሽ ሻይ ታጠጪናለሽ? የአጎቴ ደም ገና ሳይደርቅ...»

የግቢው ሰው ሁሉ እጁን ያያል። ፋይዚዲንም ወደ እጁ አየ። ስኒው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር።

ቢቢ ሃይሪ የሞላውን ስኒ አዩት። ከዚያ እሱን አዩት።

«ልሂድ እንዴ፣ ልጄ? ከገዛ ቤቴ?»

«እኔ... ረስቼ ነው፣ ቢቢ! ሞስኮ እንደዚህ ነው የሚቀዳው!»

«አዎ፣ እንደዚህ ነው» አለች ሳቭሪ። «እዚያ በትልቅ ኩባያ ሞልቶ ነው የሚጠጣው፤ ነውር የለበትም። ሁላችሁም ሞልቶ የተቀዳው ለእንግዳው ነው አላችሁ። ስኒውን ግን ማንም አላየውም። ሞልቶ የነበረው የተሰፋው ስኒ ነው፤ ባለቤታቸው እንኳ የማይጠጡበት፣ የቦቦ የራሳቸው ስኒ። ደግሞስ ለእንግዳ ስንጥቅ ስኒ የሚሰጥ ሰው እዚህ አገር አለ?»

«ውርደት ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ስለዚህ ባዶው ስኒ የእንግዳው ነው። ለቦቦ ቀድቶ የሰጣቸው እንግዳው ነው። ታላቅ ባለበት ታናሽ ይቀዳል፤ እንግዳው ታናሽ ነው። ዳቦ ተቆርሶለታል፤ ወዳጅ ነው። እጁ ደግሞ የአገሩን ልክ ረስቷል። ጁራቤክ ጠላት ነው፤ ዳቦ አይቆረስለትም፣ ልኩንም አልረሳም፤ አሁን አይታችሁታል።»

«ሳዳፍስ?» አለ ፖሊሱ፣ ላለማፈር ያህል።

«ከሁሉም ይልቅ የቦቦ አፍ በሕይወት እንዲቆይ የሚፈልጉት ሆላ ሳዳፍ ናቸው። ቦቦ ካልደወሉ ልጃቸው አይመጣም። ልጃቸውን የሚመልስላቸውን ሰው ራሱን ይፈልጣሉ?»

ከዚያ ወደ ፋይዚዲን ተጠጋች።

«ቦቦ ከመቶ አንድ ብቻ ነበር የሚወስዱት። ምስክሬ ጠላታቸው ነው። ሞስኮ ላይ ግን ልጆቹ አስር ይቆረጥባቸው ነበር፣ በቦቦ ስም። እዚያ ማን ነበር የሚሰበስበው? አጎትህ ‹አስር› የሚለውን ቃል ከሳዳፍ አፍ ሲሰሙ በደንብ ገባቸው። አላዋረዱህም፤ ጠርተው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ እንደ ልጅ ጠየቁህ። ምን አሉህ? ‹ለቤተሰቡ ሁሉ እነግራለሁ፤ ያንን ዘጠኝ ትመልሳለህ› ነው ያሉህ?»

ፋይዚዲን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ።

«አንተም ቀዳህላቸው። ሳታውቀው ‹ተነስና ሂድ› አልካቸው። ከዚያ ከኋላቸው ዞርክ።»

ፖሊሱ የፋይዚዲንን የጉዞ ሻንጣ እየጎተተ አመጣ። ለመንገድ በአዲስ ላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ቀደደው። የሬሳው ገንዘብ በጫማዎቹ ውስጥ ተጠቅጥቋል።

ያኔ ፋይዚዲን ጮኸ። «ምን አደረግኩ? ከምድር ቤት ውስጥ እንደ ጆንያ ተደራርበን ስንተኛ ማን ጠየቀኝ? ፖሊስ ሲያባርረኝ፣ ሩብሉን በብብቴ ይዤ ስዞር? ባንኩ ሰባት ሲበላ ጸጥ ትላላችሁ፣ ደረሰኝ ስለሰጣችሁ ታመሰግኑታላችሁ! እኔ ስበላ ነው ሌባ?»

ሆላ ሳዳፍ ተነሱ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው ወረደ።

«ባንኩ ልጄን ‹ወንድሜ› ብሎ አልጠራውም» አሉት።

ወሰዱት።

ገንዘቡ ተገኘ፤ ቃሉ ግን አልተገኘም። ሳቭሪ ሞስኮ ደወለች። የኦዲና ጓደኛ አዳመጣትና «አፓ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። «ልጆቹ ከእንግዲህ ለማንም ሩብል አይሰጡም። ለእኔም ጭምር። የሚያምኑት ሽማግሌውን ነበር፤ እሳቸውንም ‹በላን› ብለው ሲሰድቧቸው ኖሩ።» ስለዚህ የኦዲና መመለሻ በጁራቤክ ማሽን መላክ ነበረበት፤ ከመቶ ሰባት ተቆርጦበት። ያ ሰባት ደግሞ በመዋጮው ውስጥ አልነበረም።

«ለሬሳ ነው እኮ» አለችው ሳቭሪ።

«ማሽኑ ሬሳና ሕያው አይለይም፣ አፓ።»

ጁራቤክ አፍሮ ከኪሱ ሞላው ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ታሪኩም ያምር ነበር። አልሞላም። የሞሉት ቢቢ ሃይሪ ናቸው፤ ለባላቸው የአርባ ቀን ድግስ ካስቀመጡት። «እሱ ከሞተ ሰው ወስዶ አያውቅም» አሉ፤ «ለሞተ ሰው ቢሰጥ አይከፋውም።» ማሽኑ ገንዘቡን ዋጠና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተፋ። ግርጌዋ ላይ «ስለመረጡን እናመሰግናለን» ይላል።

ኦዲና መጣ። ቀበሩት።

በቦቦ ናስሩሎ አርባ ቀን ሥጋ አልታረደም፣ ሩዝ አልተቀቀለም። መንደሩ ደረቅ ዳቦና ሻይ ቀረበለት፤ ማንም አላጉረመረመም። ቢቢ ሃይሪ ለእንግዶቹ ደህና ደህናውን ስኒ ካደሉ በኋላ ከመሐረብ ውስጥ ያችን የተሰፋች ስኒ አወጡና ለሳዳፍ ሰጧቸው። ሴቶቹ ተያዩ። ስንጥቅ ስኒ ለእንግዳ አይሰጥም።

ለቤተሰብ ግን ይሰጣል። ሲሶ ቀዱላቸው፤ ጠጡ፤ ደገሙላቸው።

ጁራቤክ ዘግይቶ ገባና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ቢቢ ሃይሪ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ራሳቸው ሄዱለት። ቀስ ብለው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እስከ አፉ ሞሉለት።

የሚፍለቀለቀውን ሻይ ምላሱን እያቃጠለው ጨለጠና ወጣ።